ትልቁን ገንዳ ማን ገደለው?

ሐሙስ ማለዳ፣ ሰማዩ ገና ወገግ ሲል፣ አንዲት ጎመን አምራች ውሃ ልትለቅ ወደ ቦዩ ወርዳ አንድ ዓሣ ሆዱን ገልብጦ ተንሳፍፎ አየች። አንድ ብቻ ቢሆን ዝም ባለች። ሁለተኛውን አየች፣ ሦስተኛውን አየች፣ ከዚያ በኋላ መቁጠሩን ትታ ጫማዋን በእጇ ይዛ ቦዩን ሽቅብ ትሮጥ ጀመር። ቦዩ የሚመጣው ከከተማው ፍሳሽ ማጣሪያ ነው። ደርሳ በአጥሩ ቀዳዳ ብታይ፣ ሁልጊዜ እንደ ድስት ሲንተከተክ የምታውቀው ትልቁ ገንዳ ነጭ አረፋ ለብሶ ዝም ብሏል። የክሎሪኑ ሽታ ከሩቅ ዓይን ያቃጥላል።

ነገሩ ፖሊስ ጣቢያ ሲደርስ አለቃው ጠረጴዛ ላይ ሁለት ጉዳይ ነበር። አንደኛው የወርቅ ቤት ስርቆት ነው፤ ጋዜጠኛ የሚመጣበት፣ ስም የሚያስጠራ። እሱን ለራሱ አስቀረ። የፍሳሹን ወደ ኢንስፔክተሩ ገፋ አደረገና፣ ጋሼ፣ ይቺን እርስዎ ይዩልኝ አለው።

ኢንስፔክተሩ ተቀበለ እንጂ አንጀቱ አሯል። ይህን ልጅ ቃል አቀባበል፣ አሻራ አነሳስ፣ ሌላው ቢቀር ምስክር ፊት አለመሳቅን ያስተማረው እሱ ነው። ዛሬ ልጁ አለቃ ሆኖ በሚሽከረከር የቢሮ ወንበር ላይ ይዞራል፤ እሱ ደግሞ በሃምሳ አራት ዓመቱ የሽንት ቤት ውሃ ሊመረምር ይሄዳል። ያም አልበቃ ብሎ "ጋሼ" ይለዋል። ቀንቷል፤ መቅናቱንም ከራሱ አይደብቅም። ልጁ ከተሾመበት ከስምንት ወር ወዲህ አለቃው የያዘው ጉዳይ በተበላሸ ቁጥር ምሳው ይጣፍጠዋል።

የማጣሪያው ሥራ አስኪያጅ ቀጭን፣ ግንባሩን ሲጠርግ የሚውል ሰው ነው። ኢንስፔክተሩን ግቢውን እያዞረ አስረዳው። መጀመሪያ ከተማው የጣለውን ጨርቅና ፌስታል የሚይዘው ወንፊት አለ፤ ቀጥሎ አሸዋው የሚቀርበት፤ ከዚያ ትልቁ ገንዳ። እዚህ ሥራውን የሚሠራው ሰው አይደለም። በዓይን የማይታዩ ነፍሳት ናቸው። ከሥር አየር ይነፋላቸዋል፣ ቆሻሻውን ይበላሉ፣ ውሃው ጠርቶ ይወጣል። የጠራው ውሃ ሰላጣውንና ጎመኑን ያጠጣል፤ የተረፈው ልጆች የሚዋኙበት ወንዝ ይገባል። የደረቀውን ዝቃጭ አትክልተኞቹ ለማዳበሪያ ይወስዱታል። ጣቢያው ሳይሠራ በፊት ያ ወንዝ ሰው አፍንጫውን ይዞ የሚሻገረው ነበር።

"አሁንስ?" አለ ኢንስፔክተሩ።

"አሁን ነፍሳቱ አልቀዋል። ከተማው ግን ሽንት ቤት መሄዱን አላቆመም።"

ከሌላ ከተማ የነፍሳት እርሾ ቢያመጡ የዚህን ከተማ ቆሻሻ እስኪለምድ ከወር በላይ ይፈጃል። እስከዚያ ጥሬው ፍሳሽ በቦዩ ይወርዳል፤ ጎመኑ ያልቃል፣ ወንዙም ወደ ድሮው ይመለሳል። ሥራ አስኪያጁ ይህን ሲናገር ግንባሩን መጥረጉን ረስቶት ነበር።

የወንጀሉ አፈጻጸም እንቆቅልሽ አልነበረም። ጣቢያው ውሃውን በመጨረሻ ላይ በጥቂት ክሎሪን ያክመዋል፤ ክሎሪኑ መጋዘን ውስጥ ነው፤ የመጋዘኑ ቁልፍ ተረኛው ክፍል ምስማር ላይ ይንጠለጠላል፤ ይህንን የማያውቅ የለም። ስምንት ባዶ ጄሪካን ከግንቡ ጀርባ ተጥሎ ተገኘ። የእጅ ጋሪ ጎማ ከመጋዘኑ እስከ ገንዳው ጭቃው ላይ ታትሟል። ሰዓቱንም የገንዳው መቆጣጠሪያ መሣሪያ ራሱ ተናገረ፤ ከሌሊቱ አሥራ አንድ ተኩል ላይ የመዘገበው መስመር ድንገት አሻቅቦ ከዚያ ወዲያ አልተመለሰም። ዘበኛው በበሩ የገባ ሰው የለም ብሎ ማለ። ግን አትክልተኞቹ ማዳበሪያ የሚያወጡበት የአጥር ቀዳዳ አለ፤ እዚያ ዘበኛ የለም።

በዚያ ሰዓት በግቢው የነበሩት ተረኛ አንድ ሰው ናቸው። ስማቸውን ሰው ከረሳው ቆይቷል፤ ጋሽ አፍንጫ ይሏቸዋል። ሃያ ስድስት ዓመት በዚህ ገንዳ ዳር ኖረዋል፤ ጎንበስ ብለው አንዴ ማግ ያደርጉና ዛሬ አየር አንሷቸዋል፣ ዛሬ የላይኛው ሰፈር ልብስ አጥቧል ይላሉ፤ ተሳስተው አያውቁም። ነፍሳቱን "ልጆቼ" ነው የሚሏቸው። በወሩ መጨረሻ ጡረታ ይወጣሉ። ኢንስፔክተሩ ሲያገኛቸው ገንዳው ጠርዝ ላይ፣ አስከሬን ፊት እንደተቀመጠ ሰው ተቀምጠው ነበር።

"አሥራ አንድ ተኩል ላይ የት ነበሩ?" አላቸው።

"እዚሁ ነበርኩ።"

"ስምንት ጄሪካን የጫነ ጋሪ በደጅዎ ሲያልፍ አልሰሙም?"

ጋሽ አፍንጫ አንገታቸውን ደፍተው ጥፍራቸውን ማየት ጀመሩ። ኢንስፔክተሩ በሠላሳ ዓመት ሥራው ብዙ ዝምታ ሰምቷል፤ ይህኛው የሚደብቀው ነገር ያለው ሰው ዝምታ ነበር።

ከዚያ ወደ ላቦራቶሪ ገባ። የላቦራቶሪ ባለሙያዋ ሠላሳ ዓመት ያልሞላት፣ ነጭ ጋውኗ እንደ ወረቀት የተተኮሰ ሴት ናት። ከመጣች ሦስት ዓመቷ ነው፤ ጋሽ አፍንጫ ሲወጡ ቦታቸውን የምትረከበው እሷ ናት። መደርደሪያዋ ላይ ያለ ጠርሙስ ሁሉ ተሰልፏል። ለጥያቄው ሁሉ አጭርና ጨዋ መልስ ሰጠች። ሌሊቱን ቤቷ ተኝታ አድራለች፣ እናቷ ምስክር ናት። ጋሽ አፍንጫን ትጠረጥራቸው እንደሆነ ሲጠይቃት ዓይኗን ሰበረች።

"እኔ በሳቸው ላይ አልፈርድም" አለች። "ጡረታው ግን ከብዷቸዋል። አዲሶቹ የመለኪያ መሣሪያዎች የመጡ ጊዜ ለአንድ ሳምንት አላናገሩኝም።"

ጥግ ላይ አንድ ሰማያዊ ፕላስቲክ በርሜል ነበር፤ ትንሽ የአየር መንፊያ ገብቶበት ይንቦጫቦጫል። ምን እንደሆነ ጠየቃት። ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ስትደርስ አረፋውን አይታ በባልዲ ሮጠች፤ የገንዳው መጨረሻ ጥግ መርዙ ገና አልደረሰበትም ነበርና ከዚያ የቻለችውን ያህል ቀድታ አዳነች። አሁን ያለው እርሾ ይሄ ብቻ ነው። ገንዳው ከክሎሪኑ እንደታጠበ፣ ነገ ከሰዓት ትመልሳቸዋለች፤ በአሥር ቀን ይራባሉ።

ሥራ አስኪያጁ እንባው መጥቶ ነበር። አትክልተኞቹ ደግሞ አጥሩ ጋ ተሰብስበው፣ በሦስት ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ፣ እሷን ስሟን ጠርተው መረቋት። ኢንስፔክተሩ ፊቷን አየ። ደስታዋ ሳትፈልግ ያመለጣት ነበር። ይገባታል ብሎ አለፈው።

ለወጉ ያህል ሌላ ሰው ማየት ነበረበት። ከማጣሪያው ጋር ተካስሳ የምታውቅ አንዲት ሴት አለች፤ ከላይ ሰፈር ጨርቅ ማቅለሚያ ቤት ያላት። እጇ እስከ ክርኗ ሰማያዊ ነው። ኢንስፔክተሩን ስታይ ገና ሳይጠይቃት ተቆጣች። ዓሣ ሲሞት እሷ፣ ጎመን ሲጠወልግ እሷ፤ ይህን ሁሉ የሚያስወሩት ደግሞ ደንበኛ የሄደባቸው ጎረቤቶቿ ናቸው፤ ቅናት ያንጨረጭራቸዋል። እሷ ቀለሟን የምትለቀው በስምምነት ነው፤ በሳምንት አንድ ቀን፣ ረቡዕ፣ ከቀትር ጀምሮ በቀስታ። ቀኑን የመረጡላት ጋሽ አፍንጫ ናቸው።

"ረቡዕ ከሰዓት ልጆቼ ሰማያዊ ልብስ ይለብሳሉ፣ እሑድ ያወልቃሉ ይላሉ" አለች። "በጣም ከበዛ ይታመማሉ ብለው በየሳምንቱ መጥተው ያዩኛል። እንዲህ ያለ ሰው መርዝ ጨመረ ስትሉ አታፍሩም?"

ትናንት ሌሊትን እህቷ ስትወልድ አጠገቧ ሆና ሆስፒታል ነው ያሳለፈችው፤ አዋላጇም በስልክ አረጋገጠች። ሴትየዋ ከተጠርጣሪዎች ዝርዝር ተሰረዘች።

ማታ ላይ አለቃው ሪፖርቱን ሰምቶ ብዙም አልቆየ። ተረኛ እሳቸው፣ ቁልፉ እጃቸው ላይ፣ የት እንደነበሩ አይናገሩም፣ ቦታቸውን ወጣት ልትወስድ ነው። ይያዙ፣ ነገ እንዝጋው አለ። ኢንስፔክተሩ ሌላ ጊዜ ቢሆን ከልጁ ጋር ላለመስማማት ሲል ብቻ ይከራከር ነበር። ዛሬ ግን ራሱም አምኗል። የሽማግሌውን ሕመም ከማንም በላይ የሚያውቀው እሱ ነዋ። ይህቺ ትናንት የመጣች ልጅ ወንበሬን ከምትወርስ ሁሉም ነገር ይጥፋ ማለት ምን ማለት እንደሆነ ማንም ሊያስረዳው አያስፈልግም።

ዓርብ ጠዋት ፖሊስ ጣቢያ ውስጥ ከጋሽ አፍንጫ ጋር ፊት ለፊት ተቀመጡ።

"ልንገርዎት" አላቸው። "ሃያ ስድስት ዓመት ለፉ። እሷ ወረቀት ይዛ መጣች። ሁሉም ሰው ወደ እሷ ዞረ። እርስዎም በእኔ ጊዜ የኖረው ከእኔ ጋር ይቅር አሉ። እንዲህ ያለው ነገር እኔን አይገርመኝም።" ሲናገር ድምፁ ከሚገባው በላይ ሻክሮ ነበር።

ጋሽ አፍንጫ ቀና ብለው አዩት። ግራ የገባቸው ይመስላሉ።

"ልጅቷ ከእኔ በላይ ታውቃለች እኮ" አሉ። "ሳምንት ያላናገርኳት መሣሪያውን መማር አቅቶኝ አፍሬ ነው።"

"ታዲያ የት ነበሩ?"

ሽማግሌው ፊታቸው ቀላ። ሚስታቸው እንኳ እንዳታውቅ አስምለውት፣ ተኝቼ ነበር አሉ። በሃያ አምስት ዓመት አንድ ሌሊት ዓይናቸው ተከድኖ አያውቅም። ዘንድሮ ግን ሰውነታቸው ከዳቸው፤ ንጋት ላይ አንድ ሰዓት ያህል ድብን ያለ እንቅልፍ ይወስዳቸዋል። እንቅልፋም ተብለው ጡረታ ከሚወጡ እስር ቤት ቢገቡ መርጠው ነበር። አንድ ጊዜ ልጅቷ ማልዳ መጥታ ደርሳባቸው፣ ለማንም ሳትናገር ትከሻቸውን ነካ አድርጋ ቀስቅሳቸዋለች። ውለታዋን አልረሱም።

 የሚዋሽ ሰው ከዚህ የሚሻል ውሸት አያጣም።

"ልጆቼ ሁሉም አለቁ?" ሲሉ ጠየቁት።

አንድ በርሜል መትረፉን ነገራቸው። ሽማግሌው ከወንበራቸው ብድግ አሉ፤ ያገኙት ይመስል እጃቸውን ዘረጉ። ማን እንዳዳነ፣ መቼ፣ ከየት እንደተቀዳ በጥድፊያ ጠየቁት። ልጅቷ፣ ሐሙስ ጠዋት፣ ከመጨረሻው ጥግ አላቸው።

"ጎበዝ። መልካቸውስ? ልብሳቸው በጣም ሰማያዊ ነው?"

"የለም። ሸክላ ይመስላል። ጥርት ያለ ቀይ ዳማ።"

ጋሽ አፍንጫ ቀስ ብለው ተቀመጡ። የዘረጉት እጅ ጉልበታቸው ላይ ወደቀ። ኢንስፔክተሩ ምን እንደሆኑ ቢጠይቃቸው ምንም አሉ። ደጋግሞ ቢጠይቃቸው፣ እሷም ልጄ ማለት ናት፣ እኔ ምንም አልልም አሉ።

ኢንስፔክተሩ መኪናው ውስጥ ገብቶ ሞተር ሳያስነሳ ተቀመጠ። ረቡዕ ከቀትር ጀምሮ ቀለሙ ይገባል፤ እስከ እሑድ ገንዳው ሰማያዊ ነው። በርሜሉ ሐሙስ ጠዋት የተቀዳ ከሆነ ሰማያዊ መሆን አለበት። ቀይ ዳማ ከሆነ ደግሞ ቀለሙ ሳይገባ፣ ገንዳው ሳይመረዝ አንድ ቀን ቀደም ብሎ ነው የተቀዳው። ሊገደሉ መሆኑን ያላወቀ ሰው ቀድሞ አያድናቸውም።

ማጣሪያው ደርሶ መጀመሪያ ገንዳውን አየ። ከአረፋው በላይ፣ ክሎሪኑ ሳይነካው ግንቡ ላይ የደረቀው ዝቃጭ ቀለሙን አልደበቀም፤ ሰማያዊ ነው። እናትየውንም ደግሞ ጠየቃት። ልጄ ከክፍሏ አልወጣችም ያለችው የልጇ በር ዝግ ስለነበረ ነው፤ እሷ ስትነቃ ልጅቷ ለሥራ ሄዳ ነበር። ኢንስፔክተሩ በራሱ ተናደደ። ትልቅ በትንሽ እንደሚቀና ያውቃል፤ ሲኖርበት ከርሟል። ትንሽ በትልቅ እንደሚቀና ግን አንዴም ትዝ አላለውም። የገዛ ቁስሉን ሽማግሌው ላይ አይቶ ሊያሳስራቸው ነበር።

ከሰዓት ሁሉም በርሜሉ ዙሪያ ተሰበሰቡ። በርሜሉ ገንዳው ጠርዝ ላይ ወጥቷል፤ ገንዳው ታጥቦ እርሾውን ይጠብቃል። አለቃው መጥቷል፤ ሥራ አስኪያጁ ግንባሩን ይጠርጋል፤ ጋሽ አፍንጫ ሁለት ፖሊሶች መሀል ቆመዋል። ኢንስፔክተሩ ያወቀውን ዘርዝሮ ተናገረ። ባለሙያዋ እስኪጨርስ ጠበቀችው።

"ቀለም በዓይን አይለካም" አለች ረጋ ብላ። "የተከሰሰ ሰው ያለውን ይዘው ነው የመጡት። በምርመራ ወረቀት ያሳዩኝ።"

ልክ ናት። አለቃው እንደዚያው አሰበና ትእዛዝ ሰጠ፤ በርሜሉ ኤግዚቢት ነው፣ ይታሸግ፣ ሰኞ ባለሙያ መጥቶ ይመረምረዋል። ሥራ አስኪያጁ ጮኸ። ክዳኑ ከታሸገ አየር የለም፤ እስከ ምሽት አንድ እንኳ አይተርፍም፤ ከተማው ያለው እርሾ ይሄ ነው። በጠርሙስ ቀድተው ቢይዙስ? አለቃው ራሱን ነቀነቀ። በርሜሉ ከሌለ፣ ጠርሙሱን ከየትም ሞላችሁት ቢባል መልስ የለም።

አጥሩ ጋ አትክልተኞቹ ቆመዋል።  አለቃው ወደ ኢንስፔክተሩ ዞሮ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "ጋሼ፣ ምን ይሻላል?" አለው። ኢንስፔክተሩ በዚያች ሰዓት መቅናቱን ረስቶት ነበር። ማሸጊያውን ይዞ ወደ ሽማግሌው ሄደ።

"ከታሸገ እኔ ነፃ እወጣለሁ?" አሉት ጋሽ አፍንጫ።

"አዎ።"

"ካልታሸገስ?"

"ካልታሸገ የሚቀርዎት ተኝቼ ነበር የሚለው ቃልዎ ብቻ ነው። እሱንም የሚያምንዎት ያለ አይመስለኝም። አሥር ዓመት ሊፈረድብዎት ይችላል።"

ሽማግሌው ወደ ገንዳው አዩ፣ ወደ አጥሩም አዩ። ብዙ አላሰቡም።

"ይፍሰስ" አሉ።

ኢንስፔክተሩ ማሸጊያውን ኪሱ ከተተ። ጋሽ አፍንጫ በርሜሉን ሊያዘነብሉ ጎንበስ አሉ፤ ከበዳቸው። ዞር ሲሉ ቅርብ የነበረችው እሷ ናት።

"በዚያ በኩል ያዢልኝ" አሏት።

ያዘች። የበርሜሉ አፍ ወደ ገንዳው ዘንበል ሲል፣ ውስጡ ያለው ሊፈስ ጣት ሲቀረው፣ መልሳ ቀጥ አደረገችው።

"ማክሰኞ ነው የቀዳሁት" አለች። "ማክሰኞ ከሰዓት።"

አንዴ ከጀመረች አላቆመችም። ሦስት ዓመት አትክልተኞቹ የእሷን በር አልፈው የእሳቸውን ያንኳኳሉ። ውጤቷን በወረቀት ስታሳይ ሥራ አስኪያጁ፣ ጋሽ አፍንጫስ ምን አሉ ይላታል። ጡረታ ቢወጡም ስማቸው እዚሁ እንደሚቀር ታውቃለች። ንጋት ላይ እንቅልፍ እንደሚጥላቸው አይታ ነበር፤ በአጥሩ ቀዳዳ ገባች። አንድ ጊዜ ብቻ፣ በእሳቸው እጅ የሞተውን እሷ ስታስነሳ ሰው እንዲያያት ፈለገች። ክሎሪኑ ገንዳው ውስጥ ተበልቶ የሚያልቅ መስሏት ነበር፤ ዓሣውን አላሰበችም። እንዲታሰሩም አልፈለገችም፤ ሲታሰሩ ግን ዝም አለች።

"ለምን ማክሰኞ?" አለ ኢንስፔክተሩ። "ረቡዕ ማታ ብትቀጂው ማን ያውቅብሽ ነበር?"

"ቀለሙ ከገባ በኋላ ይደክማሉ" አለች። "ደካማ እርሾ መያዝ አልሆነልኝም።"

አለቃው ቃሏን ጽፎ አስፈረማት። አሁን በርሜሉን የሚፈልገው የለም። ሽማግሌውና ልጅቷ በግራና በቀኝ ይዘው አዘነበሉት፤ እርሾው ወደ ገንዳው ወረደ፤ ሥራ አስኪያጁ አየሩን ከፈተ። ገንዳው መንተክተክ ሲጀምር አጥሩ ጋ ያሉት ሰዎች ተነፈሱ።

እሷ እጇን ታጥባ፣ በጋውኗ አድርቃ፣ ለኢንስፔክተሩ ዘረጋችለት። እንባ የሚባል ነገር አልታየባትም። ጋሽ አፍንጫ ጠርዙ ላይ ጎንበስ ብለው አንዴ ማግ አደረጉ፤ ቆይተው፣ ዓይናቸውን ከውሃው ሳያነሱ ተናገሯት።

"ማክሰኞ መቅዳትሽ ልክ ነው። እኔም ብሆን ማክሰኞን አላሳልፋትም ነበር።"

ልጅቷ ገንዳው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ፣ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፍና፣ ትከሻዋ እስኪናጥ አለቀሰች። ኢንስፔክተሩ ካቴናውን እንደያዘ አጠገቧ ቆመ፤ አላስቸኮላትም።